ገና በመጋቢት

ውሃ ላጠና ብዬ ውሃ ወደማይገኝበት ሄድኩ፤
ሶኮሮ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ በነሐሴ ሐሩር ከአውቶቡስ ወረድኩ።
ወንዙን «ታላቁ» ይሉታል፤ እኔ ግን ባየሁት ዕለት
ጫማዬን ሳላወልቅ ተሻገርኩ፤ አሸዋ ብቻ ነው ያለበት።

መንፈቅ ሙሉ ቁርሴ፣ ሳንቲም ሲያጎርሱት ከሚተፋ ሣጥን
የወጣ ብስኩት ነበር፤ በኮሪደር ስሮጥ፣ እያየሁ ሰዓቴን።
መጋቢት ላይ ቤኒቶ፣ ጉድጓድ ለኪው፣ በአሮጌ መኪናው ወሰደኝ፤
«በባዶ ሆድ ጥልቀት አይለካም» ብሎ ከሐዲዱ ማዶ አወረደኝ።

የኤርሊንዳ ቤት ስድስት ጠረጴዛ ነው፤ ሳይነጋ ሁሉም ሙሉ፤
የገባ ሰው ሳይቀመጥ፣ እየዞረ፣ ሰላም ይላል ለሁሉ።
ገበሬው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣችው ነርስ፣
አንዱን ጋዜጣ ይካፈሉታል፣ ገጽ በገጽ፣ ለሁሉም እስኪደርስ።

ሴትዮዋ መጣች፤ እርሳሷ ከጆሮዋ፣ ዓይኗ ከእኔ ላይ፤
«አረንጓዴ ወይስ ቀይ?»

ዝም አልኩ።
እኔ ባደግኩበት፣ ቀለም ምረጥ የሚል ሰው ሲመጣ
ቀድሞ የሚታሰበው ከጀርባው ማን እንዳለ ነው፣ ምን መዘዝ እንደሚያመጣ።
ቤኒቶ ግን በመዳፉ ከዓይኑ እንቅልፍ እየጠረገ
«ክሪስማስ» አለ። እሷም ጻፈች፤ ማንም ምክንያት አልፈለገ።

ገና? በመጋቢት?
በጣቴ ቆጠርኩ፤ ታኅሣሥ ካለቀ ሁለት ወር አልፏል፤
ወይስ በእኔ አፍ ሲተረጎም፣ «ገና ነኝ፣ አልነቃሁም» ሊል ፈልጓል?

ሳህኑ ሲመጣ ገባኝ፤ ቀዩ በርበሬ በግራ፣ አረንጓዴው ቃሪያ በቀኝ፤
ገና ማለት አልመርጥም ማለት ነው። ይሄ ደስ አሰኘኝ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ጾም ነው፤ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ አይብ የለም፤
(ከማለዳ መብላቴንማ የንስሐ አባቴ፣ ተመስገን፣ አይሰሙም።)
ኤርሊንዳ እርሳሷን አስቀመጠች። «እኛም ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንተዋለን፤
እንቁላል ምን በደለህ?» አለች፤ ጠረጴዛው ሁሉ አብረን ሳቅን።

ቦሎቄው የአሳማ ስብ አለበትና ድንች ብቻ አመጣችልኝ፣ ከነገናው።
«ቀስ በል» አለኝ ቤኒቶ። ለእኔ? ማረቆን በጆንያ ስሸከም ላደግኩት ሰው?
አረንጓዴው ግን ሌላ ነው፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ እንደ ጨዋ እንግዳ፣
ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚጮኸው። ዓይኔ እንባ ቀዳ።
ወተት አቀረቡልኝ፤ ብርጭቆው ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ከፊቴ።
ጾም ነኝ። አየሁት። አየኝ። ተቃጠልኩ፣ እስከ አንጀቴ።

«ፋሲካችሁ መቼ ነው?» አለች፣ አዝና።
የእሷ ሳምንት ነው የቀረው። በአማርኛ አመለጠኝ፦ «ገና!»

የወረቀት ፎጣ ላይ ጻፍኩላት፤ አንድ ቃል ነው፣ ሁለት ወጥ እንዳለበት ሳህን፤
ልደቱም ገና ነው፣ ያልደረሰውም ገና ነው፤ ምረጪ ቢሉሽ አትምረጪ አንዱን።

ያን ቀን ሦስት ጉድጓድ ለካን፤ ውሃው ከአምናው ክንድ ያህል ወርዷል።
«ወንዙ የት ሄደ?» አልኩት ቤኒቶን። «በልተኸዋል» አለ፤ «ጠዋት በልተኸዋል።»
ዝም አልኩ። የቃሪያው ማሳ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ይሄዳል፤
አፌም ገና ይነዳል።

በሳምንቱ፣ የእሷ ፋሲካ አልፎ፣ ስንመለስ፣ ከምድጃው ጥግ አንዲት ትንሽ ድስት፤
ቦሎቄ፣ በዘይት ብቻ፤ ክዳኗ ላይ በእጅ ጽሕፈቴ ያቺው ወረቀት።

ከዚያ ወዲህ ዶን ኢላሪዮ፣ እንቁላሉ ሲዘገይበት፣ ሹካውን ያንኳኳና
ከጥግ ይጮኻል፦ «ኤርሊንዳ፣ ገና?»
እሷም ሳትዞር፦ «ገና።»

ቀዩና አረንጓዴው ነው፣ ወይስ አልደረሰም?
ሳህኑ እስኪመጣ ማንም አይጠይቅም።